ሳምንት በደሴ፣ እና ሁለቱ ክሮች

ቅዳሜ

ሻንጣዬ ውስጥ የከተትኩትን ልቁጠርላችሁ። ሁለት የሥዕል ደብተር፣ እርሳስ፣ ከሰል፣ ለእሙ እናት ሽቶ፣ ለቀጮ የክራር ክር። ጃኬት የለም። ደሴ ተወልጄ፣ ደሴ አድጌ፣ የጦሳ ተራራን ብርድ ጠግቤ፣ ጃኬት ረስቼ መጣሁ። «አዲስ አበባ ሰውን እንዲህ ነው የምታደርገው» አለች እሙ። አዲስ አበባም እኮ ትበርዳለች። ግን ከእሙ ጋር ክርክር አልገጥምም፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስትረታኝ ነው የኖረችው።

እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሄድኩ። በመኪና ቢሆን ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሮ በአውቶቡስ ስንመላለስ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራባችንን አውልቀን፣ ከሚሴ ላይ እንቅልፍ ወስዶን፣ ሀረጎን ስንወጣ ደግሞ ያወለቅነውን ሹራብ በወንበር ስር እየፈለግን ነበር የምንገባው። አሁን ቆሎም የለ፣ እንቅልፍም የለ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወረድኩ። የኮምቦልቻ ሙቀት ደስ አለኝ፣ ጃኬቱንም የረሳሁት መሆኑን ያወቅኩት ገና ሀረጎ ላይ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ይህን ሁሉ ስትወጡ መጀመሪያ ጆሮ ይደፈናል፣ ቀጥሎ ክንድ ይሸካክራል፣ ከዚያ ጭጋጉ ይመጣል። ደሴ ገባችሁ ማለት ነው።

ጓደኞቼን በቅጽል ስማቸው ልጥራቸው፣ እነሱም ይሻላቸዋል። ሸሁ ክርስቲያን ነው። መንዙማ አሳምሮ ስለሚያዜም ነው ሸሁ ያልነው፣ ይኸው እስከ ዛሬ የሚያውቀው ሁሉ ሸሁ ይለዋል፣ ንስሐ አባቱ ሳይቀሩ። ቀጮ ቀጭን መሆን ያቆመው ቆይቷል። ክራር ይጫወታል፣ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። እሙ እሙ ናት። አራታችንም ወይዘሮ ስሂን አብረን ተማርን። እነሱ የሙዚቃ ክበብ ነበሩ፣ እኔ የሥዕል። እናም አንድ ነውር አለብኝ፣ እነሱ የማይረሱት። ወሎዬ ሆኜ፣ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ መለየት አልችልም። ትዝታ ይገባኛል። ባቲን እገምታለሁ። እነዚያ ሁለቱ ግን ለእኔ መንታ እህትማማች ናቸው።

ፒያሳ ሻይ ቤት ገብተን ገና ጣፋጩ ሙሸበክ ሳይመጣ ውርርዱ ተያዘ። እስከ ዓርብ ማታ ከለየሁ ረቡዕ ሐይቅ የምንበላውን አሳ እነሱ ይከፍላሉ። ካልለየሁ እኔ። ይኸን ጊዜ ጥርሴ ከብርድ እየተንገጫገጨ ነው። ሸሁ ጋቢውን አውልቆ ሰጠኝ።

እሁድ

ጠዋት በእግር ወጣን። መጀመሪያ የትምህርት ቤታችን በር። ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ስንት ዓመት ሙሉ ስማቸውን በደብተር ሽፋን ላይ ስንጽፍ ማን እንደነበሩ የጠየቀ ከመሃላችን አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ያወቅኩት አዲስ አበባ ሄጄ ነው፣ አያሳፍርም?

ቀጥሎ አይጠየፍ። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው። ስሙን ወደድኩት፣ ሁሌም እወደዋለሁ። ማንም ሳይጠየፍ፣ ማንም ሳይጠየፈው ይበላበት የነበረ ቤት። ሰውየው ራሳቸው የወሎ ታሪክ ማጠቃለያ ናቸው፣ መሐመድ አሊ ተብለው ተወልደው፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሚካኤል ሆኑ፣ ልጃቸውን ኢያሱን ለዙፋን አበቁ፣ በ1909 ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። አዳራሹ ውስጥ ስትቆሙ ጣሪያው ነው ቀድሞ የሚይዛችሁ። ሸሁ መሃል ላይ ቆሞ «ያ ነቢ» ብሎ አንድ ጊዜ ጎተተው፣ ድምፁ ሄዶ ሄዶ ተመለሰ። የአዳራሹን ቅርጽ ሥዬ አልጨረስኩም፣ እሙ ራበኝ አለች።

እሙ ቤት ምሳ ተበላ። ቡና ተፈላ። አቦል ላይ ልጆቻችንን አወራን፣ ቶና ላይ የሞቱትን፣ በረካ ላይ ደግሞ የእሙ እናት የ1928ቱን ቦምብ ከእናታቸው የሰሙትን እንዳዩት አድርገው አወሩን። ኅዳር 26 ነው፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡበት ቀን። ጃንሆይ ከተማው ውስጥ ነበሩ፣ ራሳቸው መሣሪያ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ነበር። «እናቴ ሊጥ እያቦካች ነበር» አሉ እማማ። «ሊጡን ታቅፋ ነው የሮጠችው። ልጇን ረስታ ሊጡን።» ልጇስ? «እኔ አልተወለድኩም፣ ታላቄ ነው። ጎረቤት አመጣው።» እንዲህ ያለ ወሬ ተትቶ እንዴት ይነሣል።

ስለዚህ ደሴ ሙዚየም ስንደርስ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል፣ ተዘግቷል። ጥፋቱ የኛና የበረካው ነው። ቤቱ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ነው። በአጥሩ በኩል አየነው። ተማሪ ሆነን በሰልፍ ያስገቡን ነበር፣ እኔ ከሰልፉ ወጥቼ አንድ ነጋሪት ሣልኩና ተቆጡኝ። በ2014ቱ ጦርነት ሙዚየሙ ተዘረፈ፣ የብራና መጽሐፍት፣ ጋሻና ጦር፣ ስንት ነገር ሄደ። ሸሁ አጥሩን ይዞ የሚያስታውሰውን ዕቃ በጣቱ ይቆጥር ጀመር፣ «እዚህ በስተግራ ... እዚያ ከመስኮቱ ሥር ...» እያለ። እሙ እጁን ያዘችውና «ተወው» አለችው። የኔ ነጋሪት ሥዕል እናቴ ሣጥን ውስጥ አለ፣ አንዱ ጠርዝ በሻይ ተነክሯል።

ሰኞ

ባቲ። ሰኞ ስለሆነ ሌላ ምርጫ የለም፣ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ሀረጎን ቁልቁል፣ ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጋቢዬ ጭኔ ላይ ተጠቅልሎ። ቀጮ ፈቃድ ወስዶ መኪናውን ይዞ መጣ።

ባቲ ከላይና ከታች የሚገናኙባት ናት። ከደጋ አማራው ጤፉን ይዞ ይወርዳል፣ የአካባቢው ኦሮሞ ከብቱን፣ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ከቆላ ይወጣል። ሦስት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ዋጋው ግን በጣት ነው። ባቲ ሄጄ ባቲን ልስማ ብዬ ነበር፣ ቅኝቱን ማለቴ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ስልክ ጠጋኙ ከድንኳኑ ውስጥ የከፈተው ሌላ ነው፣ ጆሮ የሚበጥስ የናይጄሪያ ሙዚቃ። ቀጮ ሳቀብኝ። «ደብረ ብርሃን ስትሄጂ ብርሃን ትፈልጊያለሽ?»

በርበሬ የምትሸጥ ሴት ፊት ለፊት ተቀመጥኩና ደብተሬን አወጣሁ። ማዳበሪያው ላይ ቀይ ተራራ ሠርታለች፣ በጣሳ ትሰፍራለች፣ ጣሳውን ሞልታ በመዳፏ ትልጋለች፣ ከዚያ ሁለት ጣት የምታህል ምርቃት ጣል ታደርጋለች። ያቺን ሁለት ጣት ነው ልሥላት የፈለግኩት። አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብላ አየችኝ። በኋላ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና፦

«ምን ትጥፊያለሽ? ከግብር ነሽ?»

አይደለሁም ብል አላመነችም። ደብተሩን አዙሬ አሳየኋት። አጠገቧ ያሉት ተሰበሰቡ። አንዷ «ቁጭ እሷን» አለች። እሷ ግን ቅር አላት፦ «አፍንጫዬ እንዲህ ነው?» ነው። እንዲህ ነው። ግን «አበላሽቼው ነው» አልኳት፣ ምርቃት ጨምራ ግማሽ ኪሎ ሸጠችልኝ።

ወልዲያ የተወለደው ሠዓሊ ታደሰ መስፍን እነዚህን የገበያ ሴቶች ቀጥ ብለው እንደ ምሰሶ ቆመው ነው የሚሥላቸው። አዲስ አበባ አርት ስኩል ስንት ትውልድ ያስተማረ ሰው ነው። ሥዕሎቹን ሳይ ሁልጊዜ፣ ትንሽ አጋነናቸው እል ነበር። ፀሐዩ አናት ላይ ሲደርስና ሁሉም ዕቃውን ለማንሳት ብድግ ሲል፣ የበርበሬዋ ሴትም ማዳበሪያዋን አንጠልጥላ ስትቆም፣ ከቀጮ በልጣ ታየችኝ። አላጋነነም።

ማክሰኞ

ጭጋግ። ዝናብ። ተኛሁ። እሙ ለሥራ ሄዳ እናቷ በሰዓት በሰዓት ሻይ ያመጡልኛል፣ «አብሽሪ፣ ይወጣልሻል» ይላሉ፣ እኔ ግን አልታመምኩም፣ ደክሞኝ ነው። ማታ ወሎ ባህል አምባ ጎን አለፍን። ሸሁ የላሊበላ ኪነት ቡድንን ታሪክ ለሃያኛ ጊዜ ነገረኝ፣ ማሪቱ ለገሰ ከዚያ እንደወጣች፣ አምባሰልን ሀገሩ ሁሉ በእሷ ድምፅ እንደሚያውቀው። «አንቺ ካልሆንሽ በቀር» አለ። ስልኩን ከፍቶ አሰማኝ። አንቺ ሆዬ ነው አልኩ። አልነበረም።

ረቡዕ

ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለዚህ ሳምንት ከሁሉ በላይ የጓጓሁት ለዚህ ቀን ነው፣ ከሁሉ በላይ ያበሳጨኝም እሱ ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስን በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ታላቅ ገዳም አድርገውታል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእሳቸው እግር ሥር ተምረዋል። እኔን የሚያጓጓኝ ግን አንድ መጽሐፍ ነው። ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1280/81 የተጻፈ። ዘመናቸው በእርግጥ ከሚታወቅ ሥዕላዊ የብራና መጽሐፍቶቻችን ውስጥ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፣ ውስጡም የኢየሱስ ሞዓ የራሳቸው ሥዕል አለ። አስቡት፣ የዚያን ዘመን ሰው፣ በዚያው ዘመን፣ በስሙ ተሥሎ! ፎቶውን ስንት ዓመት ለተማሪዎቼ ሳሳይ ኖርኩ። ገዳሙ ደግሞ የወንድ ነው። ሴት አይገባም።

ይህን ሳላውቅ አልሄድኩም። ሳውቅ ነው የሄድኩት፣ ባውቅም ግን ተናደድኩ። እሙ «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ለኔ ምንም አይደለም፣ አንቺ ተናደጂ» ብላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች። ሸሁና ቀጮ ገቡ። ሁለቱንም «የምታዩትን ሁሉ አስተውሉ፣ ቀለሙን፣ ዓይኑን፣ እጁን» ብዬ አስጠነቀቅኳቸው። ሁለት ሰዓት ቆይተው ወጡ። ወንጌሉን አላዩም። ያዩትን ደግሞ ሸሁ እንዲህ ነገረኝ፦ «ብዙ ሥዕል አለ። ቆንጆ ነው።» ቀለሙስ? «ቀይ አለ።» ዓይኑስ? «ትልቅ ነው፣ እንደ ሥዕል ዓይን።» ቀጮ ደግሞ ከበሮውን ነው ያየው፣ ቆዳው እንዴት እንደተወጠረ፣ ጠፍሩ ስንት ቦታ እንደተሳሰረ፣ የትኛው ጎን እንደሚጠብ በእጁ እየሠራ አስረዳኝ። ሥዕል ግን? «ምን ሥዕል?»

አሳው መጣልን፣ በዳጣ። ረቡዕ ስለሆነ አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ተነሣ፣ ሸሁ «አይደለም» ብሎ ወስኖ ሁለት በላ። ከበላ በኋላ ወደ ሰሜን በጣቱ አሳየኝ። «አምባሰል ያ ነው። ውጫሌም እዚያው ነው፣ ውሉ የተፈረመበት። ተራራውን አይተሻል፣ ዜማውን ታውቂያለሽ?» ተራራውን ሣልኩት። ዜማውን ተውኩት። ሒሳቡን ለጊዜው ቀጮ ከፈለ፣ ደረሰኙንም ለዓርብ ብሎ ኪሱ ውስጥ አስቀመጠው።

ሐሙስ

ጠዋት ሸሁ አንድ ሽማግሌ መሰንቆ ተጫዋች ዘንድ ወሰደኝ። ስማቸውን አልጠቅስም፣ ሳልጠይቃቸው ነው የምጽፈው። ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መሰንቋቸውን ጭናቸው መሃል አቆሙ። አንድ ክር ብቻ ነው፣ የፈረስ ጭራ። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። መጀመሪያ ደጋኑን በእጣን ቀስ ብለው አሹት፣ እጣኑ ከእጃቸው ሙቀት የተነሣ ሸተተኝ። ከዚያ ጀመሩ። ክራር ላይ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ክር አለው። እዚህ የተቀመጠ ነገር የለም፣ ጣት ካላረፈበት ድምፁ የት እንዳለ የሚነግር ምልክት የለም። ጣታቸው በክሩ ጎን ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ዓይናቸው ዶሮዎቹ ላይ ነው።

«አባባ፣ አሁን የትኛው ነው?»

«አምባሰል።»

ትንሽ ቆይተው ዞር አደረጉት። «ይህስ?»

«አ... አምባሰል?»

ደጋኑን አወረዱ። ደብተሬን አዩት። ሙሉ ገጽ እጃቸውን ሥያለሁ። «ልጄ፣ ስትሰሚ ትሥያለሽ። ወይ ሣዪ፣ ወይ ስሚ።» ከዚያ ሥዕሉን ቀድጄ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ማታው እሙ ቤት መንዙማ ነበር። የሐሙስ ማታ ነው። ምንጣፉ ተነጠፈ፣ እጣኑ ጨሰ፣ ቡናው ተደረደረ፣ ሰፈሩ ሞላ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድቤው መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይሄድና በኋላ ልብ ይዞ ይሮጣል። ሸሁ ሦስተኛው ላይ ተቀበለ፣ ማንም አልገረመውም፣ አንገቱ ላይ ማተቡ አለ። የእሙ እናት ከጓዳ የአባታቸውን ደብተር አመጡ። በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ ነው፣ ማንበብ አልችልም። እሙ ጮክ ብላ ስታነበው ግን አማርኛ ነው። አጀሚ ይሉታል። ጥቁር ቀለም፣ አልፎ አልፎ የነቢዩ ስም ላይ ቀይ፣ የገጹ ጥግ በጣት ቅባት የለሰለሰ። ትናንት ሐይቅ ላይ የተነፈግኩትን ብራና ረሳሁት አልልም። ግን ይህን ደብተር ጭኔ ላይ አስቀምጬ ገጹን ራሴ ገለጥኩ።

ዓርብ

የመጨረሻው ቀን ኮምቦልቻ፣ ቀጮ ቤት። በረራዬ ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ እዚያው ማደሩ ይሻላል ተባለ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተረኞች በሰልፍ ሲወጡ ደረስን። ጋቢውን ለሸሁ መለስኩለት፣ እዚህ ሰው በካናቴራ ነው።

እራት ከተበላ በኋላ ቀጮ ክራሩን አወጣ። ያመጣሁለትን ክር አሰረበት። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ከልማዴ እጁን እያየሁ። አምባሰል ቃኘና ተጫወተ። «አሁን እይ» አለኝ፣ ስሚ አላለም። ከአምስቱ ድምፆች ሦስቱን አልነካቸውም። አራተኛውን ክር መቃኛውን ትንሽ ላላ አደረገው። አምስተኛውን ትንሽ ጠበቅ። በቃ። ሌላ ምንም። መታው፣ አንቺ ሆዬ ሆነ።

«ሁለት ክር ብቻ?»

«ሁለት ክር ብቻ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ አንድ ናቸው። አምባሰል ከዚያ ወደ ሶል ይሄዳል፣ አንቺ ሆዬ ሶሉን ግማሽ ያወርደዋል። ላይም እንደዚያው፣ በተቃራኒው።»

ለካ መንታ እህትማማች ያልኩት አላጠፋሁም። ሦስት ደረጃ አብረው ይወጣሉ፣ አራተኛው ላይ አንዷ ትረግጣለች፣ ሌላዋ ትሸራተታለች። ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ያላሳየኝ ለምንድን ነው? እነሱ ደግሞ አንድ ላይ፦ «ነግረንሽ ነበር!» ነግረውኛል እኮ። አላሳዩኝም።

ከዚያ ፈተናው ተጀመረ። ቀጮ መቃኛውን ይጠመዝዛል፣ ይመታል፣ እኔ እመልሳለሁ። አምስቴ አምስቱንም መለስኩ። እሙ ግን ነቃችብኝ፦ «ይቺ እጁን እያየች ነው! አይቆጠርም!» እውነቷን ነው፣ ሲያላላው አይቼ ነበር የምመልሰው። ሸሁ ነጠላ አምጥቶ ዓይኔን ሊያስር ሲነሣ መብራት ጠፋ። ድፍን ያለ ጨለማ። የጎረቤት ልጆች ኡ አሉ። «ማንም ስልክ እንዳያበራ!» አለች እሙ።

ቀጮ በጨለማው ውስጥ መቃኛ ሲጠመዝዝ ይሰማል። ነክቶ ይሁን ነካሁ ለማለት ይሁን አይታወቅም። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ድምፅ ወጣ። እግሬን አንሥቼ እንደምጠብቅ ሆንኩ። አራተኛው መጣ፣ ሸርተት አለ።

«አንቺ ሆዬ!»

ማንም አልተናገረም። ኪስ ሲፈተሽ ሰማሁ፣ የወረቀት ድምፅ። ቀጮ የሐይቁን ደረሰኝ ለሸሁ እያቀበለው ነው።

«ሁለት አሳ የበላኸው አንተ ነህ» አለው።